በመሪጌታ እግር ላይ ያሰርሁት ጄሶ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ሰው ሲያልፍ፣ ከፊቱ በፊት አረማመዱን ነው የማየው። ይህች ጭኗ ተሰብሮ አጥሮ የገጠመ ናት፤ ያኛው ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ብሎት ቀርቷል። ለአንዳንዶቹ ጄሶ ያሰርሁላቸው እኔ ነኝ። «ሲስተር፣ እንዴት ነዎት?» ሲሉኝ ስማቸው አይመጣልኝም፤ የተሰበረው ግራቸው ይሁን ቀኛቸው ግን አልረሳም። ሥራ ካቆምሁ ወዲህ ይህ ልማድ ብሶብኛል። ልጄ «እማዬ፣ ሰው ላይ አታፍጥጪ» እያለች ትቆጣኛለች።

ጡረታ የወጣሁት ወገቤ አልታዘዝ ስላለኝ ከጊዜዬ ቀደም ብዬ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ ወረቀቴም ብዙ ሳይጉላላ አለቀ። ደመወዙም ጡረታውም ያው እንደሚታወቀው ነው። በሽኝቱ ላይ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት ባለሙያ፣ «ሲስተር ይታይሽ፣ የእናንተን ጊዜ ሥራ ይጻፉልን እንጂ። እኛ አሁን ብረት ከውስጥ እያስገባን ነው፤ ጄሶ የሚያውቅ እጅ እየጠፋ ነው» አለኝ። እንድጽፍለት የፈለገው ስለ ጄሶ አነካከርና አጠቀላለል ነው። እሱንም እጽፋለሁ። ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት በእጄ ካለፉት እግሮች ሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት አንድ እግር አለ፤ ስለዚያ እግር ደግሞ በሽኝቱ ንግግር ላይ ማንም አላነሳም፤ የሚያውቅም አልነበረም።

ሥራ የጀመርሁት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ሞተር ሳይክል የግል አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤት ነበር። የእርሻ ሠራተኛው፣ የወባ ሠራተኛው፣ የክትባት ሠራተኛው ይይዘዋል። ሞተር ያለው ሰው በገጠር ሲያልፍ ውሻውም ሕፃኑም ይከተለዋል። በወር አንድ ሁለት ሰው ከሞተር ወድቆ ቢመጣ ነው። የቀረው ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ ከበቅሎ የተወረወረ ነበር።

ጄሶ ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። የክፍሏ ጌታ ጋሼ እንየው ይባላል። በቀድሞው ጦር ሠራዊት ድሬሰር የነበረ፣ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ የጀርባ ሻንጣ ይዞ ወደ አገሩ የገባ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። መጀመሪያ ቀን ስሜን ጠየቀኝና ስነግረው ሳቀ። «እኔ እንየው፣ አንቺ ይታይሽ። እኛ ሁለታችን ሳናይ ከቀረን ማን ሊያይ ነው?» አለኝ።

ሥራውም ማየት ነበር። ጄሶ ሊያስር ሲል ውሃውን ራሱ ያሞቃል፤ ሕፃን እንደምታጥብ እናት በክርኑ ይለካዋል። የጄሶውን ጥቅል ፋሻ ውሃ ውስጥ ያጋድመውና አረፋው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። «እስትንፋሱ ሲያልቅ አውጪው» ይለኝ ነበር። እግር ላይ ሲጠቀልል አይጎትትም። «ጄሶ ይንከባለላል እንጂ አይሳብም። የያዝሽው የሰው እግር ነው፤ የጭድ ነዶ አይደለም።» በጣት ጫፍ መጫን ክልክል ነው፤ በመዳፍ ብቻ ነው የሚለሰልሰው፤ ጣት ያረፈበት ጉድጓድ ሲደርቅ ከውስጥ ቆዳ ይበላልና። ሲጨርስ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ሌሎቻችን «ጨረስን፣ ውሰዱት» ስንል እሱ የበሽተኛውን የአውራ ጣት ጥፍር ይጫናል። ጥፍሩ ይነጣል፤ ሲለቀው ደሙ ይመለሳል። በምን ፍጥነት እንደተመለሰ ያያል። ከዚያ እያንዳንዷን ጣት በቀስታ ወደ ላይ ይስባል፤ ዓይኑ ግን ያለው ጣቱ ላይ ሳይሆን በሽተኛው ፊት ላይ ነው። ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ተመልሶ ይህንኑ ይደግማል። ጠዋት ሲመጣ ቁርስ ሳይቀምስ ይደግማል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ አዲስ የተሰበረ እግር በመጀመሪያው ቀን ጄሶ ዙሪያውን አይዘጋበትም። ከኋላ በኩል ግማሽ ጄሶ ይደገፍለትና በፋሻ ይታሰራል፤ እብጠቱ ሲጎድል ነው የሚዘጋው። «እብጠት እንግዳ ነው። ሲመጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ከከለከልሽው ባለቤቱን ያስወጣል» ይላል። ደም ከልክሎ እግሩን ይገድለዋል ማለቱ ነው። ሌላም ይላል፤ «ጄሶ ያለበት ሰው አመመኝ ካለሽ እመኚው። ጄሶው ይዋሻል እንጂ ሰውዬው አይዋሽም።»

ሌላው አመሉ ካርድ ላይ ነበር። ሁላችንም የሠራነውን ስንጽፍ እሱ ያጠፋውንም ይጽፋል። «ተረከዙን አጥብቄ ስላሰርሁ ቆስሏል። እንየው» ብሎ ይፈርማል። አንድ አለቃ ጠርቶ «ራስህን የምትከስ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብሎ ሲቆጣው እኔም እዚያው ነበርሁ። ጋሼ እንየው «ነገ ይህን ቁስል የሚያጥበው ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት፣ ጌታዬ» ከማለት ሌላ አልመለሰም።

አራት ዓመት አብሬው ከሠራሁ በኋላ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርሁ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወዲያ ያለች፣ በክረምት ጭቃ የሚዘጋት ትንሽ ከተማ ነበረች። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ከወር ግማሹን ግን ለስብሰባ ይሄድና እኔ ለሁሉም ነገር እቀራለሁ። ስለ አጥንት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሰዎቹ ነገሩኝ፤ እኔም ማመን ጀመርሁ።

በዚያች ከተማ ዳር ባለው ደብር አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ መምህር ነበሩ። አቋቋም የማያውቅ ካለ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ቆመው በዝማሬ የሚያገለግሉበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። መሪጌታ ስድሳን የተጠጉ፣ ሙሉ ሌሊት ቆመው የሚያድሩ፣ እግራቸው እንደ ወጣት የሚታዘዛቸው ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው «የኔታ» እያለ ነው። እሳቸው ዘንድ ያደገ አንሙት የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ ከሥጋ ያልተወለደ፣ ግን አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ በእሳቸው ደጅ ያደገ። አንሙት በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተማረና የእርሻ ሠራተኛ ሆኖ ወደዚያው ተመደበ። ቀይ ሞተር ተሰጠው። ያቺን ሞተር ሲያጥባት ያየ ሰው ሙሽራ የሚያጥብ ነበር የሚመስለው።

በአንድ ክረምት መሪጌታ ለሌላ ደብር ንግሥ ተጠርተው በእግራቸው ሊሄዱ ሲነሡ አንሙት ለመናቸው። «የኔታ፣ ግማሽ ቀን የሚሄዱትን በአንድ ሰዓት አደርስዎታለሁ።» እሳቸው ከበቅሎ በቀር ምንም ላይ ተቀምጠው አያውቁም። «ልጄ ነድቶኝ ነው የምሞተው በለኛ!» ብለው እየሳቁ፣ መቋሚያቸውን ታቅፈው ከኋላው ተፈናጠጡ። ከከተማው ሳይርቁ፣ ጥቁሩ መሬት ላይ ጎማው ተንሸራተተና ሞተሯ በጎኗ ወደቀች። አንሙት ተላጠ እንጂ ምንም አልሆነ። የየኔታ ቀኝ እግር ከሞተሯ ሥር ገባ።

በቃሬዛ ሲያመጧቸው ከኋላቸው የደብሩ ካህናትና ተማሪዎች፣ የመንደሩም ሰው ተከትሎ ነበር። ቅልጥማቸው ተሰብሯል፤ ቆዳው ግን አልተከፈተም። ጣታቸው ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል። በእውነት ለመናገር ቀላል ስብራት ነበር። ጋሼ እንየው ቢያየው «ይህ በሦስት ወር መስክ ያቋርጣል» የሚለው ዓይነት ነው።

ሰዎቹ መሐል የታወቀ ወጌሻ ነበር። ገና እጄን ስታጠብ፣ «ይቺ ልጅ ናት እንዴ የየኔታን እግር የምታስረው? ለእኔ ስጡኝ፤ በቀርከሃና በጨርቅ አስሬ ለመስቀል አቆማቸዋለሁ» አለ። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንሙት ብቻ «አይሆንም! ሲስተር ታስረዋለች» ብሎ ጮኸ።

እኔ ግማሽ ጄሶ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ወጌሻው አንገቱን አስግጎ አየና «ግማሹን ክፍት ልትተዪው ነው? ይህስ ከእኔ ጨርቅ በምን ይሻላል?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ፊቴ ጋለ። ሕጉን አውቀው ነበር። ዛሬም ልክ እንደ አባታችን ሆይ አውቀዋለሁ። ግን ጥቅሉን እየጨመርሁ ከጣታቸው ሥር እስከ ጭናቸው ዙሪያውን ዘጋሁት። በመዳፌ አለሰለስሁት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ያለ ሆነ። ሰው አደነቀ። ወጌሻው ወጣ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ያን ዕለት ወደ ማታ ላያቸው ገባሁ። በአንዲት ክፍል አስተኝተናቸው ነበር። «ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «ይህ ጫማ ጠበበኝ።»

«የኔታ፣ ጄሶ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው። ይለመዳል» አልሁና የሕመም ክኒን ሰጠኋቸው።

ጣታቸውን አልነካሁም። ለምን እንዳልነካሁ አውቃለሁ። ብነካውና ልክ ባይሆን መክፈት ሊኖርብኝ ነው፤ ብከፍተው ወጌሻው ሊሰማ ነው።

በማግሥቱ ምጥ የያዛት ሴት መጣችና ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ዋልሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሰበብ አይሆነኝም። ጤና ጣቢያው ጠባብ ነው፤ ካለሁበት ሆኜ የየኔታ ዜማ ይሰማኛል። ዝቅ ባለ ድምፅ ሳያቋርጡ ያዜማሉ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ ሲብስባቸው ነው የሚያዜሙት» ብለው ነገሩኝ። ወደ ማምሻው አንሙት በሩ ላይ መጥቶ፣ «ሲስተር፣ ጣታቸው ቀዝቅዟል። ነጭ ሆኗል» አለኝ።

«ብርዱ ነው» አልሁት። «ጋቢ ጣል አድርግባቸው።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ዜማው የለም። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። መቀሱን አምጥቼ ጄሶውን ከላይ እስከ ታች ቀደድሁት። እግሩ ከውስጥ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ጥፍሩን ተጫንሁት፤ ነጣ፤ የሚመለስ ደም አልነበረም። የኔታ ፊቴን ያዩ ነበር። «አሁን ቀለለኝ፣ ልጄ። አሁን ምንም አይሰማኝም» አሉኝ።

በእህል ጭነት መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድናቸው። ሐኪሙ አየና ለእግሩ የቀረ ነገር እንደሌለ ነገረን፤ በዚያው ቀን ከጉልበታቸው በላይ ተቆረጠ። ጋሼ እንየው በኮሪደሩ ወደ ጄሶ ክፍሉ ጠራኝ።

«ሙሉ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«በመጀመሪያው ቀን?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አመመኝ ብለው ነበር?»

«ጠበበኝ ብለው ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ሰጠኝና «ጻፊው» አለኝ። ጻፍሁ። ሞተር ሳይክል እግራቸው ላይ ወድቆ ቅልጥማቸው እንደተሰበረ፣ ከዚያ የደም ዝውውር ተቋርጦ እግሩ እንደሞተ ጻፍሁ። አነበበውና፣ «የጻፍሽው እውነት ነው። ያልጻፍሽው ግን ይበልጣል» አለ። እርሳሱን ካርዱ ላይ አስቀመጠና ወጣ። እርሳሱን አላነሣሁትም።

ከክፍሉ ስወጣ አንሙት ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ። «ሲስተር፣ ቀስ ብዬ ነድቼ ቢሆን ኖሮ እግራቸው ይተርፍ ነበር?» አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አንሙት» አልሁት።

በእኔ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ጄሶው ነው ብዬ ብዙ ዓመት አስቤያለሁ። አይደለም። ትልቁ ይህ ቃል ነው።

ሀገሩ ሁሉ ያወቀው የየኔታን እግር ሞተር እንደበላው ነው። አንሙት በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከኋላ መቆም ጀመረች። ሽማግሌ ተቀመጠ። የኔታ ምንም ካሳ አልፈልግም፣ ልጄን ብቻ አምጡልኝ አሉ። አንሙት ግን ሊያያቸው አልቻለም። ሞተሯን ለመሥሪያ ቤቱ መለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውንም ትቶ ከአገሩ ጠፋ። የኔታ ዓመት ሳይሞላ ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች፣ «ትምህርቱ አቋቋም ነው፤ እኔ ግን አቀማመጥ ነው የማስተምረው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ በደጃቸው አላለፍሁም፤ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው ሌላ ደብር ሄጄ ነው።

ወደ ደብረ ማርቆስ በዝውውር ስመለስ ጋሼ እንየው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ጊዜ ቀርቶት ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም። በመጨረሻ ቀኑ ግን በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ካርዱ አሁንም መዝገብ ቤት አለ» ብቻ አለኝ። ከጡረታው በኋላ ብዙ አልኖረም። በቀብሩ ላይ ያስተማራቸው ሁሉ ቆመው አለቀሱ። እኔ ግን የማለቅስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሞተር የበዛው። ርካሹ ሞተር ገባ፤ ነጋዴውም ገበሬውም ገዛ፤ ባጃጁም ተከተለ። ጄሶ ክፍላችን በገበያ ቀን እንደ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ያዘ። በአንድ ሞተር ሦስት ሆነው ተፈናጥጠው ገደል የገቡ ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለቱን አሰርሁ፤ አንዱ እኔ ዘንድ አልደረሰም። ከአማኑኤል ከተማ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር አስታውሳለሁ፤ ከባሏ ኋላ በጎን ተቀምጣ ነጠላዋ የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ አሽቀንጥሯት ነበር። ክንዷ ተሰብሮ፣ «ልጄ ይንቀሳቀሳል? ልጄን እይልኝ» ትለኛለች እንጂ ክንዴ አትልም። ልጁ ተረፈ። አንድ መምህር ደግሞ የራስ ቁሩን መሪው ላይ አንጠልጥሎ እየነዳ ወድቆ መጣ። ቁሩ አንድም ጭረት አልነበረበትም። ሚስቱ ቁሩን ታቅፋ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። የማርሚታ፣ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ቃጠሎማ ሴቶቹ ባታቸው ላይ እንደ ማኅተም ይዘውት ይዞራሉ።

እኔ በእነዚያ ዓመታት በመጀመሪያ ቀን ጄሶ ዘግቼ አላውቅም። ጣት ሳልነካ ወደ ቤቴ አልሄድም። ወጣቶቹ «ጣት ነኪዋ ሲስተር» ይሉኝ ነበር፤ አለቆች ለአዲስ ሠራተኞች ምሳሌ ያደርጉኛል። ሲያመሰግኑኝ ወለሉን አያለሁ። ትሑት ናት ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከጉንደ ወይን አንዲት ሴት በሚኒባስ አመጡልን። ብርቱካን ትባላለች። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ስታቋርጥ ሞተር ገጭቷት ቅልጥሟ ተሰብሯል። ግማሽ ጄሶ አሰርሁላት። ጥፍሯን ስጫን ራሱ በከፊል የሸበተ ባሏ ከራስጌዋ ቆሞ ነበር። ሥራዬን እስክጨርስ ጠበቀና፣ «ሲስተር ይታይሽ፣ አላወቅሽኝም?» አለኝ።

አንሙት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። ጉንደ ወይን ውስጥ የትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ እንደሚኖር፣ ልጆች እንደወለደ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ወደ ሚስቱ እግር አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ የየኔታ እግር ነው። ዞሮ መጣብኝ። እኔን ቢያገኘኝ ምን ነበረበት፤ እሷ ምን አደረገች?» አለ።

ብርቱካን «ተው እንዲህ አትበል» ብላ እጁን ያዘችው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የሰማችው እንደሆነ ከአነጋገሯ ታወቀኝ።

ያን ቀን መናገር አልቻልሁም። በማግሥቱ ጠዋት የብርቱካንን ጣቶች ካየሁ በኋላ ወደ ጄሶ ክፍሉ ጠራሁትና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርሁት። ወጌሻውን፣ ዙሪያውን መዝጋቴን፣ ጠበበኝ ማለታቸውን። ስብራቱ ቀላል እንደነበረ፣ ሞተሯ ያደረሰችው ነገር በሦስት ወር የሚድን እንደነበረ ነገርሁት። እግሩን የገደለው ጄሶው ነው፤ ጄሶው ደግሞ የእኔ ነው አልሁት።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «ጣታቸው ቀዝቅዟል አልሁሽ» አለኝ።

«አልኸኝ።»

«ነጭ ሆኗል አልሁሽ። ብርዱ ነው አልሽኝ። ሄጄ ጋቢዬን አለበስኋቸው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እናቴ እኮ በዚህ ኀዘን ነው የሞተችው። ልጄ የመምህሩን እግር ቆረጠ እያለች ነው የሞተችው። ለእሷ ማን ይነግራት?»

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል እጁን አንሥቶ ከለከለኝና ወጣ። ሚስቱ እስክትወጣ ድረስ አንድም ቃል አላናገረኝም። መዝገብ ቤት ሄጄ ያን ካርድ አስፈለግሁ፤ አሮጌ ካርዶች ተነሥተዋል ተባልሁ። ያኔ በእርሳስ መጻፍ የሚገባኝን የምጽፍበት ቦታ ጠፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንሙት ብርቱካንን ለምርመራ አመጣት። ጄሶዋን ዘጋሁላት። ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ሳያይ፣ «የኔታ በሕይወት አሉ። እሑድ ከእኔ ጋር ትሄጂና በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለኝ።

ሄድን። በሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ላይ ሞተሮች እየተክለፈለፉ ሲያልፉን ሁለታችንም ወደ ዳር እንወጣለን። ከየኔታ አጥር ስንደርስ አንሙት ቆመ። «መጀመሪያ አንቺ ግቢ» አለኝ።

የኔታ በረንዳው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የቀረው እግራቸው ቀጥኖ የሕፃን መስሏል። ምርኩዛቸው ከጎናቸው ተደግፏል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው «የጤና ጣቢያዋ ልጅ! ምነው እስከዛሬ ጠፋሽ?» አሉና ቦታ ሊለቁልኝ ተንቀሳቀሱ። አልተቀመጥሁም። ቆሜ፣ ለአንሙት እንደነገርሁት ሁሉ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፊታቸው ወደ ግቢው እንደዞረ ቀረ።

«ልጁ ይህን ያውቃል?» አሉ።

«ያውቃል፣ የኔታ። ከአጥሩ በር ቆሟል።»

«ከአጥሩ በር? አንሙት?» ምርኩዛቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ወደቀባቸው። በአንድ እግራቸው ሊነሡ ሲሉ አንሙት ሮጦ ገባና ያዛቸው። መልሰው ሲቀመጡ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። የኔታ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ ፀጉሩን፣ ጺሙን፣ ጆሮውን። «ሸብተሃል እኮ» አሉት። «መቼ ሸበትህ? ማንን ትፈራ ነበር? እኔን ነው?» እሱ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

እኔ ቆሜያለሁ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

እሱን ሳይለቁ፣ «እግሬንስ እሺ» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ፤ ተቀምጬም አስተማርሁበት። ይህን ልጅ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ወሰድሽብኝ።» ፀጉሩን እየዳበሱ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ የእኔ እዚያ መቆም ለእነሱ ሸክም መሆኑ ገባኝ። ወደ በሩ ስሄድ አንሙት ፊቱን እየጠረገ መጥቶ ደረሰብኝ። እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርምና እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘኝ። እጁን አልዘረጋልኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ዓይኑ መሬት ላይ እንዳለ፣

«ብርቱካንን ለምርመራ ደግሞ መቼ ላምጣት?» አለኝ።

«የዛሬ ሳምንት፤ ጠዋት» አልሁት።

«አመጣታለሁ» አለና ወደ አባቱ ተመለሰ።